ስምና ሹመት በከዋክብት ሠንጠረዥ

ሠንጠረዥ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የመጣው ከጨዋታ ነው። ሳንስክሪቱ «ቻቱራንጋ» ይላል፤ «ቻቱር» አራት፣ «አንጋ» አካል። ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረስና እግረኛ ያሉት ሠራዊት ማለት ነው። ፋርሶች «ቻትራንግ» አሉት፣ ዐረቦች «ሸጥረንጅ»። በእኛ አፍ «ን» ከኋላ ወደ ፊት ተሻግሮ፣ «ጅ» ወደ «ዥ» ላልቶ ሰንጠረዥ ሆነ። መጀመሪያ የጨዋታው ስም ነበር፣ ቀጥሎ የሰሌዳው፤ ኋላ አግድምና ቁልቁል በመስመር የተከፈለ ገበታ ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ።

ቁልቁል የሚወርደው የገበታ ክፍል ዓምድ ይባላል። ግዕዙ ዐምድ ነው፣ ሲበዛ አዕማድ። ምሰሶ ማለት ነው፤ አዕማደ ምሥጢር ስንል አምስቱን የሃይማኖት ምሰሶዎች መጥራታችን ነው። ላቲኑም «ኮሉምና» ብሎ ሕንፃ ከሚሸከም ምሰሶ ጀምሮ በገጽ ላይ ተደርድሮ ወደሚወርድ ጽሑፍ ተሻገረ። የዐረብኛው ዐሙድ ምሰሶም የጋዜጣ ዓምድም ነው፤ የዕብራይስጡ ዐሙድ ምሰሶም የመጽሐፍ ገጽም ነው። ሦስት ሴማዊ ዘመዳሞችና አንድ ባዳ በአንድ ሥዕል ተስማምተዋል።

ዓምድ ካለ በራሱ ላይ ስም ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ የምከታተለው ያንን የራስ ስም ነው፤ በተለይ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ለሠንጠረዦቻቸው ዓምዶች የጋራ መለያ ለማበጀት የሄዱበትን መንገድ። መንገዱ በቃላት የተነጠፈ ነውና ለሥርወ ቃል ወዳጅ በረከቱ ብዙ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። የአንድ ኮከብ ብርሃን በ«ቪ» ማጣሪያ ተለክቶ ሲመዘገብ አንዱ ካታሎግ ዓምዱን «ቪማግ» ይለዋል፣ ሌላው «ኤምቪ»፣ ሦስተኛው ባዶውን «ቪ»። ያው «ቪ» በጎረቤት ሠንጠረዥ ፍጥነት ነው፣ ቬሎሲቲ ለማለት። በ1981 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጽሑፍ የወጣው ፊትስ የተባለው የሰማይ ምስል ፋይል ቅርጽ የራስጌ ቁልፍ ቃላቱን ከ8 ሆሄ እንዳያልፉ ወሰነ፤ ኋላ ሠንጠረዥ ሲጨመርበት ግን የዓምዱን ስም ለባለቤቱ ምርጫ ተወው። ሰው ግርጌውን አንብቦ ይረዳል። ኮምፒውተር ግን ሁለት ዓምዶች አንድ ነገር እንደሚናገሩ ካልተነገረው አያውቅም።

እዚህ ላይ «ዳታ» የሚለውን ቃል ማለፍ አልችልም። ላቲኑ «ዳቱም» ማለት «የተሰጠ» ነው፤ «ዳሬ»፣ መስጠት። የአማርኛ ሶፍትዌር ተርጓሚዎች «ውሂብ» ሲሉ ያንኑ ሥዕል ወደ ግዕዝ አዛወሩት፤ ግንዱ ወሀበ፣ ሰጠ ነው። በሰዋስው ጥብቅ እንሁን ካልን «የተሰጠ» ውሁብ ነው፤ ውሂብ ከዚያው ግሥ የወጣ አዲስ ቅጽ ነው። ደስ የሚያሰኘው ዘመዱ ነው። ሀብትም ከወሀበ የወጣ ነው፤ በግዕዝ «ስጦታ» ማለት ነበር፤ ሀብተ ማርያም የሚለው ስም ዛሬም ጥንታዊውን ትርጉም ይዟል። ስለ ውሂብ የሚናገረውን ውሂብ፣ ማለትም ሜታዳታን፣ «ዲበ ውሂብ» የሚሉ አሉ። ዲበ በግዕዝ «ላይ» ነው፤ የግሪኩ «ሜታ» ግን «ከ… ጋር» ወይም «ከ… በኋላ» ነበር። የዓምዱ መለያ ከዓምዱ አናት ላይ ስለሚቀመጥ ዲበ ለዚህ ሥራ ከሜታም ይልቅ ይስማማዋል።

የጋራ መለያ የተወለደው በፈረንሳይ፣ በስትራስቡርግ ነው። በ1972 በዚያ «ሳንትር ደ ዶኔ ስቴሌር»፣ የከዋክብት ውሂብ ማዕከል፣ ተቋቋመ፤ በምህጻር ሲዲኤስ። በ1983 ሥራው ከከዋክብት አልፎ ሲሰፋ ስሙ የስትራስቡርግ የሥነ ፈለክ ውሂብ ማዕከል ሆነ። ምህጻሩ ግን አልተነካም። «ኤስ» የምትለው ሆሄ ትናንት ኮከብ ነበረች፣ ዛሬ ከተማ ናት። ቃል ቅርጹን ጠብቆ ፍቺውን ሲለውጥ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አይገኝም።

ማዕከሉ ለመሣሪያዎቹ ያወጣቸው ስሞች ከሺህ ከአንድ ሌሊት የተቀዱ ይመስላሉ፦ ሲምባድ፣ አላዲን፣ ቪዚየር። ቪዚየር በ1996 ሥራ የጀመረ የካታሎጎች ቤት ነው፤ ስሙ ወዚር ነው፣ የንጉሥ አማካሪ። የቃሉ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ «ወዘረ»፣ ሸክም ተሸከመ፣ ከሚለው ዐረብኛ ግሥ ያወርዱታል። በሺህ የሚቆጠሩ ካታሎጎችን ለተሸከመ ቤት ስሙ ልኩ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የማዕከሉ ሰዎች ቪዚየር ውስጥ የተከማቹትን ወደ 100,000 የሚጠጉ ዓምዶች አንድ በአንድ መረመሩ። «ይህ ዓምድ ባለቤቱ ምንም ብሎ ይጥራው፣ የሚናገረው ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመልሶቹ ከ1,000 የሚበልጡ መለያዎች ወጡ፤ ዩሲዲ ተባሉ፣ «የተዋሐደ የይዘት ገላጭ» ማለት ነው። አካሄዱን ልብ በሉ። ስሞቹ ከወንበር ላይ አልታለሙም፤ ሰዎች በእውነት ከጻፏቸው ዓምዶች ተለቀሙ። መዝገበ ቃላት የሚሠራ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። መዝገብ ራሱ ከዘገበ፣ «አከማቸ» የወጣ ነው፤ በግዕዝ የሀብት ቤት ነበር።

የመጀመሪያው ትውልድ መለያዎች በሥር መስመር የተያያዙ ረጃጅም ቃላት ነበሩ። «ፎት_ጄኤችኤን_ቪ» አንዱ ነው። «ፎት» ከግሪኩ «ፎስ»፣ ብርሃን። «ጄኤችኤን» ሰው ነው፤ ሃሮልድ ጆንሰን፣ በ1953 ከዊልያም ሞርጋን ጋር የሦስት ማጣሪያ የብርሃን መለኪያ ሥርዓት ያወጣው። «ቪ» ደግሞ «ቪዥዋል»፣ በዐይን የሚታየው። ሰው፣ ብርሃንና ዐይን በአንድ ቃል ታስረው ነበር። ጥፋቱ ግን መታሰራቸው ነበር። አዲስ ማጣሪያ በመጣ ቁጥር አዲስ ቃል ከሥሩ መፈጠር ነበረበት።

በ2002 ዓለም አቀፉ የቨርቹዋል ኦብዘርቫቶሪ ኅብረት ሲመሠረት መለያዎቹን ወርሶ አፈራረሳቸው፣ እንደገናም ሠራቸው። በነሐሴ ወር 2005 «ዩሲዲ ዋን ፕላስ» የተባለው መለኪያ ጸደቀ። ትንሿ ክፍል አቶም ትባላለች፤ በግሪክ «የማይቆረጥ» ማለት ነው። አቶሞች በነጥብ ሲያያዙ ቃል ይሆናሉ፤ ቃላት በድርብ ሰረዝ ሲያያዙ ሙሉ መለያ ይሆናል። ያ የድሮው ቃል አሁን «ፎት.ማግ፤ኢኤም.ኦፕት.ቪ» ሆኗል። ጆንሰን ከስሙ ወጣ፤ «ኢኤም»፣ ኤሌክትሮማግኔታዊ ጨረር፣ ገባ። ያለ ምክንያትም አይደለም፤ መለያው የሚለካውን እንጂ የለካውን ሰው አይጠራም። በእኛ ቤት የሆነው ግልባጩ ነው። የ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊ ሊቅ አቡሻኽር ስሙ የመጽሐፉ፣ ከዚያም የዘመን ቆጠራው ትምህርት ስም ሆኖ ቀረ።

ሥሮቹ 12 ብቻ ናቸው፦ አሪት፣ ኢኤም፣ ኢንስትር፣ ሜታ፣ ኦብስ፣ ፎት፣ ፊስ፣ ፖስ፣ ስፔክት፣ ኤስአርሲ፣ ስታት፣ ታይም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግዕዛችንን ያስታውሱኛል። «ኦብስ» ከላቲኑ «ኦብሰርቫሬ» ነው፤ ውስጡ ያለው «ሰርቫሬ» ጠበቀ ማለት ነው፣ ግዕዙ ዐቀበ። «ስፔክት» ከ«ስፔኬሬ»፣ አየ፤ «ስፔክትሩም» በላቲን ጥላ መሰል ራእይ ነበር፣ ኒውተን በ17ኛው መቶ ዘመን ለተበተነ ብርሃን ቀለማት አዋለው። «ስታት» የስታቲስቲክስ ራስ ነው፤ ከመንግሥት ጉዳይ የወጣ ቃል ሲሆን ሥሩ «ስታቱስ»፣ መቆም ነው።

ለእኔ ግን የሁሉም ቁንጮ «ፖስ» ነው። «ፖዚስዮ» ከ«ፖኔሬ»፣ አኖረ፣ አስቀመጠ። ግዕዙ ሤመ ነው፤ በዕብራይስጥ «ሢም»፣ ማስቀመጥ። ከሤመ ሢመት ወጣ፣ በአማርኛ ሾመና ሹመት። ከጎኑ ሌላ ግሥ አለ፦ ሰመየ፣ ስም አወጣ፤ ከስም የተሠራ ነው። አንዱ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው በእሳቱ ሰ ይጻፋሉ፤ ዝምድናም የላቸውም። አማርኛው «ሰየመ» ግን በሁለቱ መካከል ቆሟል፤ ስም ማውጣትም ነው፣ ለቦታ መመደብም ነው። ሁለቱ ሥሮች እዚህ የተገናኙት ያለ ነገር አይመስለኝም። ለዓምድ መለያ መስጠት ስም ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ለዚያ መጠን በእውቀት ሁሉ መካከል ወንበሩን ማሳየት ነው።

ወንበሩ ደግሞ ሥርዓት አለው። የአውሮፓው የጋያ መንኮራኩር በ2022 ያወጣው ሦስተኛ ካታሎግ 1.8 ቢሊዮን ገደማ የብርሃን ምንጮችን ይዟል። አንዱ ዓምድ ፓራላክስ ነው፤ ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ ከጀርባው አንጻር የሚያሳየው ትንሽ መወዛወዝ። በ1838 የሥነ ፈለክ ሊቁ ቤሰል 61 ሲግኒ ለተባለው ኮከብ ለክቶ የከዋክብትን ርቀት በር የከፈተው ይህ መጠን ነው። መለያው «ፖስ.ፓራላክስ» ነው። ከጎኑ ያለው ዓምድ ያ ልኬት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይናገራል፤ መለያው «ስታት.ኤረር፤ፖስ.ፓራላክስ»። መጀመሪያ ስሕተቱ፣ ቀጥሎ የማን ስሕተት እንደሆነ።

አማርኛ ይህን ሲናገር «የፓራላክስ ስሕተት» ይላል፤ ባለቤቱ ቀድሞ የእርሱ የሆነው ይከተላል። ግዕዝ ግን ገልብጦ «ስሕተተ ፓራላክስ» ይላል። የዩሲዲ ሥርዓት ግዕዛዊ ነው። ፍኖተ ሐሊብን ተመልከቱ። ፍኖት መንገድ፣ ሐሊብ ወተት፤ መንገዱ ፊት፣ ወተቱ ኋላ። ግሪኩ ያንን የሰማይ ክብ «ጋላክሲያስ»፣ ወተታማ፣ ብሎ ነበር፤ ቃሉ ዛሬ «ፖስ.ጋላክቲክ» በሚለው መለያ ውስጥ ይኖራል። ቤተ መጻሕፍት፣ ሥነ ፈለክ፣ ዕለተ ሰንበት፤ በዘርፍ አያያዝ የተማረ የአብነት ተማሪ የዩሲዲን ቅደም ተከተል በአንድ ቀትር ይገባዋል።

የቃሉ ወንበር በሆሄ ተጽፎለታል። «ፒ» የተጻፈበት ፊት ብቻ ይቆማል፣ «ኤስ» የተጻፈበት ፊት አይቆምም፣ «ኪው» የተጻፈበት በሁለቱም ይቆማል። «ኤረር» ፒ ነው። «ሜታ.ሜይን»፣ «ዋናው» የሚለው ቃል፣ ኤስ ነው፤ ብቻውን ምንም አይልም፣ ዋና የሆነውን ሌላ ቃል ይፈልጋል። «ሲ» ለቀለም ልዩነት ነው፤ ሁለት የብርሃን ክልሎች ተከታትለው ካልመጡ መለያው ሙሉ አይሆንም፤ «ፎት.ከለር፤ኢኤም.ኦፕት.ቢ፤ኢኤም.ኦፕት.ቪ» እንደሚለው። በሰዋስው ቋንቋ አንዳንድ ስም ዘርፍ ይሻል፣ አንዳንዱ ሁለት ዘርፍ ይሻል።

ወደ «ማግ» ልመለስ። ማግኒቱድ ከ«ማግኑስ»፣ ትልቅ፤ ስለዚህ «ትልቅነት» ነው። ግን ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል። ምክንያቱ ጥንታዊ ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን ቶለሚ ከዋክብትን በስድስት ደረጃ መደባቸው፣ ደማቆቹን አንደኛ አላቸው፤ ግሪኩ «ሜጌቶስ»፣ ግዝፈት፣ ነበር፤ የደመቀ ትልቅ ይመስላልና። በ1856 የሥነ ፈለክ ሊቁ ፖግሰን የአምስት ደረጃ ልዩነት በትክክል 100 እጥፍ ይሁን ባለ ጊዜ አንዱ ደረጃ 2.512 እጥፍ ያህል ሆነ። የቶለሚ መጽሐፍ ስም «አልማጀስት» ነው፤ የዐረብኛ «አል» ከግሪኩ «ሜጊስቴ»፣ እጅግ ትልቋ፣ ጋር። ማግኑስ፣ ሜጌቶስና ሜጊስቴ የአንድ ግንድ ልጆች ናቸው። እንግዲህ «ፎት.ማግ» የሚለው አጭር መለያ የመጽሐፉን ስም በውስጡ ይዟል።

አንድ ሌላ ድብቅ ዝምድና አለ። «ፖስ.ኤዝ» ከአድማስ አንጻር የሚለካ አቀማመጥ ነው፤ ከሥሩ «ፖስ.ኤዝ.ዜድዲ» አለ፣ ከዜኒት ያለ ርቀት። አዚሙት ከዐረብኛው «አስ-ሱሙት»፣ አቅጣጫዎች፤ ነጠላው «ሰምት»። ዜኒትም ያው «ሰምት» ነው፤ «ሰምት አር-ራእስ»፣ ከራስ በላይ ያለ አቅጣጫ ከሚለው ሐረግ ወጥቶ በላቲን ጸሐፍት ብዕር «ም» ወደ «ኒ» ተዛብቶ የቀረ። አንድ ቃል በአንድ መለያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሹሟል። ከእግር በታች ያለው ነጥብ ናዲር ነው፤ «ነዚር»፣ አቻ፣ ትይዩ፤ ሥሩ «ነዘረ»፣ ተመለከተ። ግዕዙ ነጸረ ነው፤ መነጽራችንም ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ፣ «ፖስ.ኢኪው.አርኤ»። «ራይት አሴንሽን» በአማርኛ ሲተረጎም «ቀኝ» ብሎ መጀመር ያሳስታል። ላቲኑ «አስኬንስዮ ሬክታ» ነው፤ «ሬክታ» ቀጥ ያለ። ምድር ወገብ ላይ ለቆመ ሰው ከዋክብት ከአድማስ ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ የጥንት ሊቃውንት ያንን ሰማይ «ቀጥ ያለ ሉል» አሉት፣ የመውጫው ልክም ከዚያ ስሙን አገኘ። ግዕዙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ርቱዕ፣ ቀጥ ያለ፣ ሚዛኑን የጠበቀ፤ ዕርገት፣ መውጣት፣ ከዐርገ። ዕርገት ርቱዕ። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው አገራችን ይህ ስም ከመጽሐፍ ወጥቶ በዐይን ሊታይ የሚቀርብ ነው። «ዴክ» ደግሞ «ዴክሊናስዮ»፣ ዘንበል ማለት ነው፤ ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዘንበል።

ዓምዶችን በቋሚ ስም መሰየም ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ቆጠራ ጥናት የዘረዘራቸው የብራና ገበታዎች 532 ዓመታትን ያቅፋሉ፤ 19 ጊዜ 28። በዓምዶቹ ራስ ላይ ከሚገኙት ስሞች ሁለቱ አበቅቴና መጥቅዕ ናቸው። አበቅቴ ከግሪኩ «ኤፓክታይ» የመጣ ነው፣ «የተጨመሩ»፤ ግሡ «ኤፓጎ»። ጳጉሜንም ከዚሁ ግሥ ነው፣ «ኤፓጎሜናይ»። መጥቅዕ ግን የእኛው ነው፤ ጠቅዐ፣ መለከት ነፋ፤ መጥቅዕ፣ የሚነፋው፤ ከዚያ በዓለ መጥቅዕ፤ ከዚያ የበዓሉን ቀን የሚያሳይ ቁጥር። ሁለቱ ዓምዶች ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። የውጭ ቃልና የአገር ቃል ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ በተሾመበት ዓምድ፣ ያለ ግርጌ ማስታወሻ ከአንድ ጸሐፊ ወደ ሌላው ተሻግረዋል።

«ታይም.ኢፖክ» የሚለው መለያ ለዚህ ቅርብ ነው። «ኤፖኬ» በግሪክ መቆም፣ መገታት ነበር፤ «ኤፒ» እና «ኤኬይን»፣ መያዝ። ጊዜ ለአፍታ እንደተያዘ ተቆጥሮ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይለካል፤ ዛሬ ብዙ ካታሎጎች የሚይዙት ነጥብ የጃንዋሪ 1 ቀን 2000 እኩለ ቀን ነው። የወራት ከዋክብት ስሞቻችንም በብራና ገበታ ላይ ተተክለው ቀርተዋል፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ እስከ ሑት ድረስ ዐረብኛ ናቸው። ግዕዝ ለበሬ የራሱ ሶር ነበረው፣ የዐረብኛው «ሠውር» ሥጋ ዘመድ። ለገበታው ግን የተመረጠው ባዳው ነው፤ ሶር እያረሰ ይኖራል፣ ሠውር ሰማይን ብቻ ያመለክታል። ለሙያ መለያ የተበደረ ቃል የሚመቸው ለዚህ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።

የዩሲዲ ቃላትም በዚሁ ምክንያት ከመንደር ንግግር ርቀው ይኖራሉ፣ ግን አልደረቁም። የቃላቱ ዝርዝር በ2007፣ በ2018 እና በ2021 ታድሶ ወጥቷል። አዲስ ቃል የሚፈልግ ሰው አሁን ባሉት ቃላት ማለት እንዳልተቻለ ማሳየት አለበት። መለያው ለአሃድ ቦታ የለውም፤ አሃድ የራሱ ቦታ አለው። የባለቤቱንም ስም አይሽረውም፤ በ2002 በወጣው ቪኦቴብል በተባለው ፋይል ቅርጽ ዓምዱ የባለቤቱን ስም፣ አሃዱን፣ ዩሲዲውንና መግለጫውን ለየብቻ ይይዛል። አንድ ዓምድ የቤት ስሙን ሳይጥል የአደባባይ ስም ይቀበላል።

ይህ አራተኛ ቦታ፣ መግለጫው፣ ለእኛ ክፍት ነው። መለያውን መተርጎም አያስፈልግም፣ መንካትም አይገባም፤ ዓለም በእርሱ ይግባባል። መግለጫውን ግን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ይገባልም። በእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻ የሚሞላ ዓምድም ሆነ ተማሪ ከጋያ ካታሎግ ቀድቶ የሚያጠናው ዓምድ «ዕርገት ርቱዕ፣ በዲግሪ» ተብሎ ከተገለጸ ተማሪው ቁጥሩ ምን እንደሆነና ስሙ ለምን እንደተሰጠው በአንድ መስመር ያውቃል። ለ12ቱ ሥሮችና ለዋና ዋናዎቹ ቃላት የተስማማንበት የአማርኛ መግለጫ ዝርዝር ያስፈልገናል፤ ተርጓሚው ብቻውን ሳይሆን ሥርወ ቃሉን የሚያውቅ ሰውና ሠንጠረዡን የሚሠራ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ያዘጋጁት።